ዘጠኝ ቀን ከበሩ ውጭ

ጓንጉል ዓይኑን ያጣው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ወገራ ውስጥ ኩፍኝ ቤት ለቤት የዞረበት ዓመት ነበር፤ ሁለት እህቶቹን ገደለ፣ እሱን ግን ዓይኑን ወስዶ ነፍሱን ተወለት። ከዚያ በኋላ እናቱ ውብአየሁ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዛ ከፊት፣ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ከኋላ፣ ሃያ አምስት ዓመት አብረው ሄዱ። ወንዝ ወረዱ፣ ገበያ ዋሉ፣ ለቅሶ ደረሱ። ኋላም አገር ተለቆ ወደ አዲስ አበባ ሲወረድ ገደሉን ያሻገረችው፣ ዳገቱን ያስወጣችው እሷ ናት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ግንቦት፣ ወንበር በሌለው አውሮፕላን ውስጥ ወደ እስራኤል የሚሄደው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ተደራርቦ ሲቀመጥ፣ ያንን በትር በጉልበቷ ላይ አጋድማ ይዛው ነበር።

የእስራኤሏ ከተማ አሽቀሎን ሲደርሱ ግን መንገድ ታውቅ የነበረችው እናት መንገድ ጠፋት። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ፣ ቀጥሎ አቲቆት ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ገቡ። ውብአየሁ የመንገዱን ምልክት አታነብም፤ የአውቶቡሱን ቁጥር አትለይም፤ መኪና ሲያልፍ ትደነግጥና በትሩን ትለቃለች። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ሰፈራቸው ጠፍቷቸው ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄደው፣ የሚጠይቁበት ቋንቋ አጥተው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አጥር ሥር ተቀምጠው ዋሉ።

ጓንጉል በሁለተኛው ዓመት ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጥረጊያና ብሩሽ የሚሠራበት ቦታ ሥራ አገኘ። ስለ መሪ ውሾቹ የነገሩት እዚያ ነው። ማሰልጠኛው አዲስ ነው፤ ዕብራይስጥ ብቻ የሚሰሙ ውሾች ያስተምራሉ፤ ከእንግዲህ አሜሪካ ድረስ መሄድ የለም አሉት። ጓንጉል መጀመሪያ ሳቀ። ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሲያስበው ሰነበተና ስሙን አስመዘገበ። ማሰልጠኛው ውስጥ አንድ ወር ያህል ኖሮ በ1992 መገባደጃ ላይ ሲመለስ ሼሊ የምትባል ውሻ ይዞ መጣ። ስሙ በዕብራይስጥ «የእኔ» ማለት ነው፤ ያወጡላትም ከቡችላነቷ ያሳደጓት ሰዎች ናቸው። የመታጠቂያዋን እጀታ በግራ እጁ ይዞ «ቀዲማ» ሲላት ወደ ፊት፣ «ያሚና» ሲላት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። የቆመ መኪና፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ሲያጋጥማት ታዞረዋለች። ጓንጉል በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሰው ሳይመራው ከቤቱ ወጣ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም በብሔራዊ ፓርኩ በኩል አልፎ ባሕሩ ድረስ ይሄድ ጀመር።

ዘመድ ወዳጁ ግን አልተቀበለለትም። በአገራቸው ውሻ ደጅ ያድራል፣ ደጅ ይጠብቃል፤ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይተኛም። ከሁሉ የከበደው ታላቅ ወንድሙ ዋሲሁን ነበር። ዋሲሁን ሚስትና አራት ልጆች ይዞ ከእነሱ ሦስት መንገድ ርቆ ይኖራል፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ጸሎት አያስታጉልም፤ የንጽሕናን ነገር ደግሞ አባታቸው እንዳስተማሩት ይጠብቃል። ውሻዋ ከገባች ወዲህ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር የሚያወራት። እህል አይቀምስም፤ ጓንጉልንም እጁን ሳይታጠብ አይጨብጠውም።

ውብአየሁም በመጀመሪያው ሳምንት ውሻዋ የማድቤቱን ደፍ እንዳታልፍ ከለከለች። የዚያ አገር ክረምት ሳይወጣ ግን ጓንጉል ጠዋት ጠዋት ሲነቃ እናቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወራ ይሰማት ጀመር፤ ለሼሊ የወገራን ሰው አንድ በአንድ እየጠራች ትነግራታለች። አንድ ምሽት ራት በልተው ሲጨርሱ፣ «ሃያ አምስት ዓመት መራሁህ። ይቺ በአንድ ወር ተካችኝ» አለችና ሳቀች። ጓንጉልም ሳቀ። ምን እንደሚመልስላት ስላላወቀ ሳቀ እንጂ፣ ሳቋ ሳቅ ይሁን አይሁን ያን ጊዜ አላስተዋለም።

በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ውብአየሁ ውሃ ልትቀዳ እንደቆመች ወደቀች። ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሷል አሉ ሐኪሞቹ። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ምላሷም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤት ውስጥ ማን ያገላብጣታል? ዋሲሁንና ሚስቱ ፋብሪካ ናቸው፤ ጓንጉል መድኃኒቱን ከመድኃኒት አይለይም። ስለዚህ ከከተማው ዳር ወዳለ ቤት አቮት ገባች፤ ራሳቸውን ያልቻሉ አሮጊትና ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አልጋ ሰጧት። ከሠራተኞቹ መካከል ቋንቋዋን የምትሰማው ሀብትነሽ ብቻ ነበረች፤ በሱዳን በኩል ከመጡት የደምቢያ ሰዎች አንዷ፣ በሽተኛ የምታጥብና የምታበላ ሠራተኛ።

ጓንጉል ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይሄድ ነበር። ውሻ ማስገባት በቤቱ ደንብ ክልክል ስለሆነ ሼሊን ከውጭ አጥሩ ላይ ያስራታል፤ አንድ ሰው ክንዱን ይዞ ያወጣዋል፤ እናቱ አጠገብ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ብዙ አያወሩም። ቃሏ ተቆራርጦ ስለሚወጣ ግማሹን እየገመተ ይመልስላታል፤ ደህናውን እጇን በእጁ ይዞ ሾርባዋን እስክትጨርስ ይቆያል። ይህ ሁለት ወር ቀጠለ።

በነሐሴ አንድ ቀን ሲወርድ ሼሊ ታስራበት ከነበረው ቦታ አጥሩ ሥር ተጨምቃ፣ አፍንጫዋ እየደማ፣ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አገኛት። መንገደኞች ጠርሙስ ወርውረውባት ነው አለ ከማዶ የነበረ ባለሱቅ። ቁስሉ በአምስት ቀን ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። አጥር ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ድምፅ ስትሰማ ትበረግጋለች። አንድ ጠዋት ጠርሙስ ሲሰበር ደንግጣ ወደ መኪናው መንገድ ጎተተችው፤ የአውቶቡስ ሾፌር ፍሬኑን ባይዝ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር።

ማሰልጠኛው ዓዲ የምትባለውን አስተማሪ ላከለት። ዓዲ ሦስት ሳምንት እየተመላለሰች ሼሊን እንደገና መንገድ አለማመደቻት። ስትጨርስ ጓንጉልን አስቀምጣ ሁለት ነገር ነገረችው። አንደኛው፣ ሼሊ ዳግመኛ ብቻዋን እንዳትታሰር፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከደነገጠች ከሥራ ትወጣለች፣ ሌላ ውሻ እስኪገኝም ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው፣ አዲስ ሕግ መውጣቱን ነው። ዓይነ ስውር ከመሪ ውሻው ጋር ሕዝብ ወደሚገባበት ቦታ ሁሉ ቢሄድ ማንም ሊከለክለው አይችልም አለችው፤ የሕጉንም ቅጂ በእጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ጓንጉል ወረቀቱን መጥረጊያ ቤት ወስዶ፣ ትንሽ ማየት ለሚችል ባልደረባው አሥር ጊዜ አስነበበው፤ በመጨረሻ በቃሉ ያዘው። አባቱ በአገራቸው መሬት የሌላቸው ገበሬ ነበሩ። ዳኛ ፊት ቆመው የረቱበት ቀን እንዳልነበረ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማ ነበር። ስለ እሱ የተጻፈ ሕግ፣ ያውም ዓይነ ስውርነቱን በስሙ ጠርቶ መንገድ ልቀቁለት የሚል ሕግ አለ ሲባል፣ ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ኪስ ውስጥ አኖረው። ሲሄድ ሲመጣ ይዳስሰው ነበር።

ከነሐሴ ወዲህ እናቱን የሚጠይቀው ሼሊን ቤት እየተወ፣ ክንዱን የሚይዝለት ሰው ባገኘ ቀን ብቻ ነበር። ሼሊን ይዞ፣ ሳያስራት ወደ ቤት አቮቱ የሄደው በኅዳር መጀመሪያ፣ ረቡዕ ቀን ነው። በሩን የሚጠብቀው ግሪሻ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ ነበር፤ ዕብራይስጡ ከጓንጉልም የባሰ ነው። «አሱር» አለ ግሪሻ፤ ክልክል ነው ማለቱ ነው። ጓንጉል ወረቀቱን አወጣ። ግሪሻ ማንበብ ስለማይችል ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ኤሊዓድ ወረቀቱን አይቶ፣ ይህ ለሱቅና ለአውቶቡስ ነው እንጂ ለበሽተኛ ቤት አይደለም አለ። የበላዮቹን እንደሚጠይቅ፣ እስከዚያው ግን ደንቡ ደንብ መሆኑን ነገረው። ውሻዋን ካሰረ ራሱ ክንዱን ይዞ እንደሚያስገባው ጨመረበት። በትሕትና ነበር የተናገረው። ጓንጉል አላስራትም ብሎ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ።

በዚያው ምሽት ዓዲ ካገናኘችው ጠበቃ ጋር በስልክ ተነጋገረ። ጠበቃዋ አዲና ትባላለች፤ ያለ ክፍያ ነው የያዘችለት። ሕጉ ከእሱ ጋር እንደሆነ፣ ደብዳቤ ዛሬውኑ እንደምትጽፍ፣ መልስ ለመስጠትም ከዛሬ ጀምሮ አሥር ቀን እንደምትሰጣቸው ነገረችው። ከዚያ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው።

«በእነዚህ ቀናት ውሻዋን አስረህ እንዳትገባ» አለችው። «አንድ ጊዜ ከገባህ፣ ይኸው ያለ ውሻው መግባት ይችላል፣ ተስማምቶ ገብቷል ይላሉ። በየቀኑ ሂድ፣ ጠይቅ፣ ሲከለክሉህ ሰዓቱን ያዝ።»

እንዳለችው አደረገ። በየቀኑ በአሥር ሰዓት በሩ ላይ ይደርሳል፤ እንዲያስገቡት ይጠይቃል፤ ግሪሻ «አሱር» ይለዋል፤ ጓንጉልም እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ይመለሳል። እናቱን በጋሪ ወደ በሩ እንዲያወርዷት ለመነ፤ ቅዝቃዜው አይስማማትም አሉት። መልእክት ላከባት፤ ይድረሳት አይድረሳት አላወቀም። መጥረጊያ ቤት ያሉት ጓደኞቹ ወሬውን ሰምተው ጀግና አሉት። አንድ ሁለቱ፣ እነሱም ውሻ ለማግኘት የተመዘገቡት፣ አደራ ወደ ኋላ እንዳትል ብለው እጁን ያዙት። ለጓንጉል አደራ የሰጠው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን ዋሲሁን መጣ። የፈረቃ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፤ የማሽን ዘይት ይሸታል። ከሼሊ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ትናንት ገብቼ አየኋት» አለ። «ሰውነቷ አልቋል። ስምህን ነው የምትጠራው። ውሻዋን ቤት አስቀምጣት፤ እኔ ክንድህን ይዤ አስገባሃለሁ። በየቀኑ እንኳ ፈረቃዬን ቀይሬ እመጣለሁ።»

«አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ጋሼ» አለ ጓንጉል። «ደብዳቤው መልስ ሊያገኝ አራት ቀን ቀረው። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳላስቸግር በየቀኑ እገባለሁ።»

«ማን አስቸገርከኝ አለህ?»

«ሁሉም። ማንም አፍ አውጥቶ አይለኝም እንጂ፣ ክንዴን የያዘኝ ሰው ሁሉ ሲቸኩል ይሰማኛል። አንተም ሳትቀር።»

ዋሲሁን ለመሄድ ፊቱን አዞረ። ከዚያ፣ «እሷ አልቸኮለችብህም» ብሎት ሄደ።

ጓንጉል ይህን ቃል ይዞት ዋለ፤ ይዞት አደረ። በሰባተኛው ቀን ሥራ ላይ ሁለት መጥረጊያ አበላሸ። ልቡ ግን አልተመለሰም። አራት ቀን ሦስት ሆነ፣ ሦስት ሁለት ሆነ። የሚያስበው ስለዚያች ስለ አሥረኛዋ ቀን ነበር፦ ሼሊን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ፣ እናቱም የሼሊን ጥፍር ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ስትሰማ፣ ከማንም በፊት መምጣቱን ስታውቅ።

በዘጠነኛው ቀን ዝናብ ዘነበ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣ ነፋስ ያለበት ዝናብ ነው፤ ጓንጉልም ሼሊም ረጠቡ። ግሪሻ ከጥበቃ ቤቱ ጃንጥላ ይዞ ወጣና ከበላያቸው ዘረጋ። በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ እኔም አገሬ ውሻ ነበረኝ፣ ትልቅ ነበር፣ ትቼው መጣሁ አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሻዋን እዚህ ክፍሌ ውስጥ ከእኔ ጋር ተዋት፣ ማንም አይነካትም፣ ግባና እናትህን እያት አለው።

ጓንጉል እጀታውን ለቀቀ። ግሪሻ ክንዱን ያዘው። ሁለት እርምጃ ያህል ተራመዱ። እዚያ ላይ የአዲና ቃል፣ የመጥረጊያ ቤት ልጆች እጅ፣ ደረቱ ላይ ያለው ወረቀት በአንድ ጊዜ ታወሱት። ነገ መልሱ ይመጣል። ለአንድ ቀን ብሎ ዘጠኙን ማፍረስ ሞኝነት መሰለው። ግሪሻን አመስግኖ፣ «ነገ» አለውና ተመልሶ እጀታውን ያዘ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መጥረጊያ ቤት ተደወለ። ውብአየሁ ሌሊት አልፋለች።

ጓንጉል ከሼሊ ጋር ሄደ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመ፣ ከልማዱ የተነሳ። ግሪሻ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ደረጃውን ወጡ፤ ኮሪደሩን አለፉ፤ ነርሶች ዘወር እያሉ አሳለፏቸው። ኤሊዓድም ከቢሮው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሼሊ ክፍሉ ውስጥ አልጋው አጠገብ ወስዳ አቆመችው። የእናቱ እጅ ቀዝቅዟል፤ ጣቶቿ ግማሽ ታጥፈው ቀርተዋል። ጓንጉል እጇን ለመዘርጋት ቢሞክር እምቢ አለው።

ሰባቱን የሐዘን ቀን የተቀመጡት ዋሲሁን ቤት ነው። ሼሊ መግባት ስለማትችል ጎረቤት ጋር ተውዋት። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ አልቃሾቹ የውብአየሁን ደግነት እየዘረዘሩ ሳለ፣ ዋሲሁን በሁሉም ፊት ተነሥቶ ተናገረ። ድምፁን አላነሣም። ይህ ወንድሜ ከእናቱ ውሻ አስበለጠ፤ ሰው ቀብሮ ለውሻ ክብር አተረፈ አለ። ሽማግሌዎቹ ይብቃህ ብለው አስቀመጡት። ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ጠበቃዋ እንዲህ አለችኝ ብሎ ሊናገር የሚችልበት ቤት አልነበረም።

ሀብትነሽ በአምስተኛው ቀን ለቅሶ ደረሰች። ሰው ሲሳሳ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ ጓንጉል፣ የእትዬ አልጋ የት በኩል እንደነበር ያውቃሉ?»

አላውቅም አላት።

«መስኮቱ ሥር ነበር። መስኮቱ የሚያየው ወደ በሩ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን አቀኚኝ ትለኛለች፤ ትራስ እደግፍላታለሁ። እርስዎ እስኪሄዱ ድረስ ታይዎት ነበር። ዘጠኙንም ቀን።»

ጓንጉል ወደ እሷ ዞረ።

«ነገሩን ነገርኳት። ውሻዋ ክልክል ናት፣ እሳቸው ደግሞ አላስራትም ብለዋል አልኳት። ይግባት አይግባት እንጃ። ‹ምን በደልኩት?› ትለኝ ነበር። ሌላ አትልም። ‹ምን በደልኩት?›»

ከዚያ ሀብትነሽ አለቀሰች። በሩ ድረስ ወርዳ ይህን ልትነግረው እያሰበች ሥራዬን ያሳጡኛል ብላ ስለ ፈራች መቅረቷን፣ ሦስት ልጅ የምታሳድገው ብቻዋን መሆኑን እያቆራረጠች ነገረችው። ጓንጉል አይዞሽ አላት፤ አንቺ ምን ታደርጊ አላት። እሱ በሩ ላይ ቆሞ የሚያስበው ሁሉ፣ እናቱ በዓይኗ ስታየው፣ ለካ ሌላ ነገር ኖሯል። ልጇ በየቀኑ ይመጣል፤ ከውሻዋ ጋር ይቆማል፤ ሊያያት ሳይገባ ይመለሳል። ያየችው ይህን ነው።

አዲና ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ደወለች። ደብዳቤው መልስ አግኝቷል፤ ግን ጥሩ መልስ አይደለም፤ ፍርድ ቤት እንሂድ አለችው። አሁን ጉዳዩ ጠንካራ ሆኗል ብላ ስትጨርስ ያለችው ነገር ለራሷም ከብዷት ይቅርታ ጠየቀችው። ጓንጉል አንድ ሳምንት ቀጠራት። መተው አማረው። ቢተወው ደግሞ እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ ይህን መሸከም አልቻለም። ቀጥዪ አላት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በክረምቱ መጨረሻ በስምምነት አለቀ። በጠበቃዋ ቢሮ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሼሊ እግሩ ሥር ተኛች። ኤሊዓድ የይቅርታ ደብዳቤውን ራሱ አነበበው። ጨርሶም፣ ከወረቀቱ ውጭ፣ «ሕጉን በትክክል ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነበር። አልጠየቅሁም» አለ። በሩ ላይ መሪ ውሾች መግባት እንደሚችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ይሰቀላል፤ ሠራተኞቹም ሕጉን ይማራሉ ተባለ። አዲና ደስ አላት፤ እጁን ጨበጠችው። ጓንጉል ጽሑፉ በአማርኛም እንዲሆን ጠየቀ። በአማርኛም ተጻፈ።

በበጋው አዲና እንደገና ደወለች። ከሌላ ከተማ የመጣች ዓይነ ስውር ሴት አባቷን ልትጠይቅ ከውሻዋ ጋር ወደ ቤት አቮቱ ገብታለች፤ ማንም ቃል አልተናገራትም አለችው። ጓንጉል ጥሩ ነው አለ። ሴትዮዋ ስሟ ማን እንደሆነ ጠየቀ። አዲና አታውቀውም ነበር።

ውብአየሁ በሞተች በዓመቷ ዋሲሁን ተዝካሯን አወጣ። ለጓንጉል የነገረው ሰው ልኮ ነው፤ ውሻዋን ሳይዝ ይምጣ የሚልም አብሮ ላከበት። የሰው መኖሪያ ቤት ነውና ሕጉ እዚያ አይገባም፤ ቢገባም ጓንጉል ወረቀት ይዞ ወንድሙ በር ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም። ሼሊን ቤት ዘግቶባት ነጭ ዘንጉን ይዞ ብቻውን ወጣ። ሦስት መንገድ ነው፤ በሼሊ ሲሆን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዘንግ መያዝ ከተወ ቆይቶ ስለነበር አንድ ጊዜ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨ፤ አንድ ጊዜ መታጠፊያው አልፎት ተመለሰ። ሲደርስ የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ ጸሎቱን አሳርገው ሰው እየበላ ነበር። ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል። ዋሲሁን አየው፤ ከጎኑ ቦታ አስለቀቀለት፤ ሰሐኑንም ራሱ አቀረበለት።

ሰው ሲበተን ዋሲሁን ላድርስህ አለው። ክንዱን ይዞት ሄዱ። አልቸኮለም። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አብሮት ወጣ። ጓንጉል በሩን ሲከፍት ሼሊ መጥታ እግሩን አሸተተች፣ ከዚያ ወደ ዋሲሁን ዞረች። ዋሲሁን ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግን አልወረደም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ዓመት ሙሉ ልጠይቅህ ሳስብ ነው የከረምኩት። እንደገና ቢሆን ውሻዋን ትተህ ትገባ ነበር?»

ጓንጉል እገባ ነበር ሊል አፉን ከፈተ። ያች ስሟን የማያውቃት ሴት ትዝ አለችው፤ መስኮቱም ትዝ አለው። ወንድሙን መዋሸት አልፈለገም።

«አላውቅም» አለው።

ዋሲሁን ተነፈሰ። ቆጥቶ ይሁን ደክሞት ከትንፋሹ አልተለየም። ደህና እደር ብሎት ደረጃውን መውረድ ጀመረ፤ ኮቴው እስከ ታችኛው በር ድረስ ተሰማ። ጓንጉል ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ለሼሊ ውሃ ቀዳላት፣ የተቀደደውን ሱሪ አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለውና ጨርቅ ፍለጋ መሳቢያውን ይዳስስ ጀመር። ጉልበቱ እየደማ ነበር።